የተተወው ዘፈን

ሦስቱ ዲስኮች እጄ የገቡት በ2007 ዓ.ም. በጋ ላይ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖር አብሮ አደጌ ለእናቱ መድኃኒትና ሹራብ በላከበት ሻንጣ ጥግ ሸጉጦልኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ ጠና ያለ ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ይመለከታል፤ እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ። የስብስቡ ስም «ናቲንግ ሃዝ ቼንጅድ» ነው፤ በእኛ አፍ «ምንም አልተለወጠም» እንደማለት። ዕድሜ ልኩን ስሙን፣ ልብሱን፣ የፊቱን ቀለምና የድምፁን ቃና ሲለዋውጥ የኖረ ሰው የሃምሳ ዓመት ሥራውን በዚህ ስም መጥራቱ ቀልድ ይሁን ኑዛዜ ያን ጊዜ አልገባኝም።

እውነቱን ለመናገር «ምርጥ ዘፈኖች» የሚባል ነገር አላምንም። መራጩ ማነው? በልጅነታችን ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄድና የምንወዳቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፈን እናስቀዳ ነበር። ያ ምርጫ ክፉም ሆነ ደግ የራሳችን ነው። የኩባንያ ምርጫ ግን ገበያው የመረጠው ነው፤ ቦዊም ይህን ገበያ አሳምሮ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1976፣ ገና የ29 ዓመት ሰው ሳለ፣ የተመረጡ ዘፈኖቹ በአንድ ሸክላ ታተሙለት። በ1990 ሌላ ስብስብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዓለምን እየዞረ የቆዩ ዘፈኖቹን ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚዘፍናቸው አስታወቀ፤ አድማጮቹም የሚፈልጉትን ዘፈን በስልክ ደውለው እንዲመርጡ ጋበዘ። (ለመጨረሻ ጊዜ ያላቸውን ብዙዎቹን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ዘፍኗቸዋል። ዘፋኝና ሰካራም «የመጨረሻዬ ነው» ሲሉ ማመን አይገባም።) በ2002 የወጣው ስብስብ ደግሞ የዘፈኖቹ ዝርዝር ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀኝ የ1997ቱ ነው፦ ከ1990 በፊት ያወጣቸውን 25 አልበሞች የወደፊት ገቢ እንደ ርስት አስይዞ በቦንድ 55 ሚሊዮን ዶላር አገኘበት። ገና ያልተሰማ ዘፈን ገና ባልተሰማበት ዘመን ተሸጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ዲስኩን የከፈትኩት በሙሉ ልብ አልነበረም። የጠበቀኝ ግን የተለየ ነገር ሆነ። ባለሁለት ዲስኩ እትም እንደ ወጉ ከወጣትነት ወደ እርጅና ይሄዳል፤ እኔ የደረሰኝ ባለሦስት ዲስኩ ግን 59ኙን ዘፈኖች የደረደረው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። በር ላይ የሚቀበለን የ67 ዓመት ሰው ነው። «ሱ» የተባለው የመክፈቻ ዘፈን ከማሪያ ሽናይደር የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር የተቀዳ፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ ዜማውም እንደ ጭስ ከእጅ የሚያመልጥ ነው። እንግዳን በጠጅ ፈንታ በኮሶ መቀበል ይሉታል ይህ ነው። በሦስተኛው ማዳመጥ ግን ኮሶውን ወደድኩት፤ ዛሬ ስብስቡን ከዚያ ሌላ በምንም ሊከፍተው አይችልም ነበር እላለሁ።

በግልባጭ መሄድ ምን እንደሚያደርግ ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጀርመን ውስጥ ከመድረክ ሲወርድ የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ተገኘና በአስቸኳይ ታከመ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አዲስ አልበም አላወጣም፤ ብዙዎች ጡረታ ወጣ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2013፣ በ66ኛ ልደቱ፣ ማንም ሳይጠብቅ ስለ በርሊን ጎዳናዎች የሚያወሳ እርጋታ የሞላው ዘፈን ለቀቀ። ዓለም አሥር ዓመት ጠብቆ የሰማው ያ ድምፅ እዚህ ዲስክ ላይ ከቀደመው ዘፈን የሚለየው ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ዝምታ ነው። ሕመሙ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ የጋዜጠኛው ሐሜት ሁሉ በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ተውጧል።

ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዳንዶቹ ይመጣሉ፤ የሚዘፍናቸው ግን የ53 ዓመቱ ቦዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ቶይ» ለተባለ አልበም እንደ አዲስ ቀድቷቸው፣ አልበሙ ሳይወጣ ቀርቶ፣ በሙሉ ታትሞ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ በ2021 ነው። ወጣቱ የጻፈውን ግጥም ሽበት ያበቀለው ሰው ሲዘፍነው መስማት፣ ሰው የድሮ የፍቅር ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ በበር ሽንቁር እንደማድመጥ ነው። ጥቂት ያሳፍራል። ደስም ይላል።

ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሜጀር ቶም አለ። ሜጀር ቶም ቦዊ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የሰው ልጅ ጨረቃን በረገጠበት በዚያ ሐምሌ ባወጣው ዘፈን የፈጠረው ጠፈርተኛ ነው፤ ከምድር ይነሣል፣ ከመንኮራኩሩ ይወጣል፣ በዚያው ይቀራል። በ1980 ቦዊ ወደ ገጸ ባሕርዩ ተመልሶ ጀግናውን የዕፅ ምርኮኛ አድርጎ አሳየን። ሁለቱን በወጉ ቅደም ተከተል የሰማ ሰው የሚሰማው ውድቀት ነው። በዚህ ስብስብ ግን መጀመሪያ የምናገኘው የወደቀውን ነው፤ ከአንድ ዲስክ በኋላ ያው ሰው ጤነኛ፣ ቁርጠኛ፣ ቆጠራው እየተቆጠረለት ለመነሣት ተሰናድቶ ይጠብቀናል። ዘፈኖቹ አንዲት ኖታ ሳትነካቸው፣ በአደራደር ብቻ ሰውየው ወደ ምድር ተመለሰ።

ቅሬታም አለኝ። «ሂሮዝ» የተባለው ዘፈን እዚህ የገባው ለሬዲዮ ተብሎ በተቆረጠው ቅጂ ነው። ሙሉው ከስድስት ደቂቃ ያልፋል፤ የተቆረጠው ሦስት ተኩል ገደማ ነው። «ታዲያ ምን አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1977 ምዕራብ በርሊን፣ ከግንቡ አጠገብ ባለው የሃንሳ ስቱዲዮ፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ለዚህ ዘፈን ሦስት ማይክሮፎኖች ተክሎ ነበር፦ አንዱን ከዘፋኙ አፍ ሥር፣ ሁለተኛውን ራቅ አድርጎ፣ ሦስተኛውን አዳራሹ ጥግ። ሩቆቹ ሁለቱ የሚከፈቱት ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦዊ በሹክሹክታ ይጀምራል፤ እየጮኸ ሲሄድ አዳራሹ ራሱ በድምፁ ይሞላል። የሬዲዮው መቀስ የቆረጠው ሹክሹክታውን ነው። ከጩኸቱ የሚጀምር ጩኸት ደግሞ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ይህን የወሰነው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ አንድ ስኒ ቡና ጋብዤ እጨቀጭቀው ነበር።

ሦስተኛው ዲስክ የሰባዎቹ ነው፤ ብዙ ሰው ቦዊን ቦዊ የሚለው በእነዚህ ዘፈኖች ነውና ብዙ አልልበትም። መጨረሻውን ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 መጀመሪያ ላይ የወጣ አንድ ዘፈን አለ፤ «ዴቪድ ቦዊ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመበት ነው። የትውልድ ስሙ ዴቪድ ጆንስ ነበር፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ዘፋኝ ስለነበር ነው የለወጠው። በግልባጭ ስንሄድ ታዲያ ከዚያ ዘፈን ወዲያ ስሙ ራሱ ይጠፋል። የቀሩት ሁለቱ ዘፈኖች የጆንስ ናቸው። የመጨረሻው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቀዳው «ላይዛ ጄን»፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጉሮሮውን እየቧጠጠ የአሜሪካ ጥቁሮችን አዘፋፈን ሊመስል የሚታገልበት ነው። ገበያ አላገኘም ነበር። መጥፎ ዘፈን ነው። ስብስቡ እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ዘፈን ሆን ብዬ ዘልያለሁ። ሁለተኛው ዲስክ ውስጥ ቦዊ ከሚክ ጃገር ጋር የዘፈነው «ዳንሲንግ ኢን ዘ ስትሪት» አለ። የራሱ ድርሰት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ማርታ ኤንድ ዘ ቫንዴላስ ያወጡት የዲትሮይት ዘፈን ነው። ሁለቱ እንግሊዛውያን በ1985 ክረምት በጥድፊያ ቀዱት፤ ፊልሙንም በዚያው ሌሊት አነሡት፤ ሲዘሉና ሲውረገረጉ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቅባቸዋል። ገቢው ግን የእኛ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ለተራበው ወገናችን የተዘፈነ ዘፈን ነው። መጀመሪያ የታሰበው አንዱ ከለንደን አንዱ ከፊላደልፊያ በሳተላይት እንዲዘፍኑት ነበር፤ ድምፁ ባሕር ሲሻገር ስለሚዘገይ ሐሳቡ ቀረና ፊልሙ ተቀርጾ ቀረበ።

የቀረበው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የላይቭ ኤድ ዝግጅት ላይ ነው። ቦዊ በዚያ ቀን ዌምብሌይ ስታዲየም አራት ዘፈን ዘፈነ፤ የታሰቡት ግን አምስት ነበሩ። አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ እንደተረከው፣ ከዝግጅቱ ቀናት በፊት አንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ቡድን በረሃቡ ሰፈር የቀረጸውን አጭር ፊልም ለቦዊ አሳየው። ቦዊ አለቀሰ፤ ከተፈቀደለት ሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ አንድ ዘፈን ትቶ በምትኩ ይኸው ፊልም እንዲታይ ጠየቀ። እንዳለውም ሆነ። «ሂሮዝ»ን ለልጁና ለዓለም ሕፃናት አበርክቶ ዘፈነ፤ ከዚያም ፊልሙን አስተዋውቆ ከመድረክ ወረደ። ያ ሁሉ ሲጨፍር የዋለ ሕዝብ ዝም አለ። ፊልሙ ውስጥ ሞተች ተብላ መቃብር የተማሰላት አንዲት ትንሽ ልጅ ትታያለች፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ በተዘጋጀው ተመሳሳይ መድረክ ላይ ያቺው ልጅ ወጣት ሆና ቆማለች።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከንባብ ነበር። ቅጂውን በዓይኔ ያየሁት ቦዊ ከሞተ በኋላ ነው። የመጨረሻ አልበሙ «ብላክስታር» የወጣው በ2008 ዓ.ም. በገናችን ማግስት ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 1 ቀን፣ ዐረፈ። አሥራ ስምንት ወር ከካንሰር ጋር ሲታገል እንደቆየ ተነገረ። ወሩን ወደኋላ ቆጠርኩት። ያ የመስተዋት ሥዕል ያለበት ስብስብ ገበያ ሲወጣ ሰውየው ታሞ ነበር። የመክፈቻው «ሱ»ም ተለውጦ፣ ፈጥኖና ተቆጥቶ፣ «ብላክስታር» ውስጥ ደግሞ ተዘፍኗል።

በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ኮምፒዩተሬን ከፍቼ የዌምብሌዩን ቅጂ ሳይ አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ኤንትሬያቸውን ከነተሳቢው ይዘው ከአሰብ ወደብ የእርዳታ እህል ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ያመላልሱ ነበር። ስለዚያ ሥራ ያላወሩን ነገር የለም፤ ስለ አሰብ ሙቀት፣ ሚሌ ላይ ስለፈነዳ ጎማ፣ ስለ አፋሮቹ ደግነት፣ ጨው ላይ ተኝቶ ስላደረ ረዳታቸው። ታሪኮቹን በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በተራ በተራ ይወጣሉ። ስለ ባቲ ግን ሰምቼ አላውቅም። ባቲ ደግሞ ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ታላቅ የረሃብተኞች መጠለያ የነበረው እዚያ ነው።

ፊልሙ እስኪያልቅ ቆመው አዩ።

«ይሄ ሰውዬ ዘፋኝ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። አንድ ዘፈን ይቀረው ነበር፤ እሱን ትቶ ነው ይህን ያሳየው።»

«ከልክለውት?»

«ኧረ! በገዛ ፈቃዱ ነው።»

ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔም ቴፑን አጠፋው ነበር» አሉ።

ከአሰብ ሲነሡ ጀምሮ ቴፑ አይዘጋም፤ ለሾፌር እንቅልፍ ማባረሪያ ነው። ወደ ባቲ የሚያስወጣው ዳገት ሲጀምር ግን እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያጠፉታል። ረዳታቸው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ካሴት እየበላ ነው» ይሉታል። ከኮምቦልቻ መጋዘን ደርሰው እህሉ እስኪራገፍ ድረስ አይከፍቱትም። በኋላ በኋላ ረዳቱ ራሱ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ ሳይነገረው ያጠፋው ጀመር።

«ለነገሩ ማን ይሰማናል?» አሉ አባቴ። «መስኮቱ ዝግ ነው። እነሱም ለዘፈን ጆሮ አልነበራቸውም። ግን አይሆንማ።»

ከዚህ ሌላ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ ወይ እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ሰባት ስምንት ጊዜ የሰማሁት የሚሌው ጎማ ታሪክ እንዴት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ከጎማው በኋላ መኪናው ወዴት እንደሄደ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ባቲ ነው የሚሄደው።

ቦዊ በዚያ ቀን የተወው ዘፈን «ፋይቭ ይርስ» ይባላል፤ «አምስት ዓመት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው የዚጊ ስታርደስት አልበም የሚከፈተው በእሱ ነው። በ59ኙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ እንዲህ ያሉ ስብስቦች የሚሠሩት በአብዛኛው በነጠላ ታትመው ገበያ ከቀመሱ ዘፈኖች ነው፤ ይህ ዘፈን ደግሞ ከእነዚያ ወገን አልነበረም። ለተራቡት ተብሎ የተጨፈረበት ዘፈን ገባ፤ ለተራቡት ተብሎ የተተወው ቀረ። መራጮቹን ልወቅሳቸው አልችልም፤ በዝምታ የተሠራ ሥራ በምን ዲስክ ላይ ይቀመጣል?

ዘፈኑን ከሌላ ቦታ ፈልጌ ለአባቴ ከፈትኩላቸው። ከበሮ ብቻውን፣ ዝግ ብሎ፣ እንደሚያነክስ ሰው እየረገጠ ይጀምራል። ከዚያ ፒያኖው፤ ከዚያ ድምፁ። መጨረሻው ላይ ሰውየው ሲጮህ አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ገበያ መሐል ዜና ይሰማል፤ ምድር አልቆላታል፣ የቀራት አምስት ዓመት ብቻ ነው የሚል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል።»

«አምስት ዓመት?» አሉ። ጥቂት አሰቡበት። «ብዙ ነው እኮ።»

ከበሮው እንደ አጀማመሩ ብቻውን ቀርቶ እየራቀ ሲጠፋ ጠበቁት።

«አለ ሰውየው?»

«የለም። በልደታ ዕለት ነው የሞተው።»

«ነፍስ ይማር» አሉና መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ።